ጀጎል ውስጥ ያረጀ የሐረሪ ቤት አድሶ ማሳያ ቤት ማድረግ፦ ከጣራው እስከ መግለጫ ጽሑፉ

ጀጎል ውስጥ ከአያት የወረደ ቤት ኖሯቸው ወደ ትንሽ ሙዚየም ሊለውጡት ያሰቡ ሰዎች አስቀድመው የሚጠይቁት ስለ ዋጋ ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ወደ ቤቱ የሚገባው ውኃ፣ ባለፉት ዓመታት ግድግዳው ላይ የተለሰነው ሲሚንቶ፣ እንዲሁም ባለቤቱ ሊጨምር የከጀለው ነገር። ሦስተኛው ብዙ ገንዘብ ይበላል፤ ቤቱን ይበልጥ የሚያበላሸውም እሱ ነው።

የሐረሪ ቤት፣ በባለቤቶቹ አጠራር ጌ ጋር፣ ገና ሲሠራ ለማሳየት ታስቦ የተሠራ ነው። እንግዳ በሩን አልፎ ሲገባ ከፍና ዝቅ ብለው የተደረደሩት መቀመጫዎች፣ በግድግዳው ውስጥ የተፈለፈሉት ጣቄቶች፣ የተሰቀሉት ስፌቶችና የተደረደሩት ሳሕኖች በአንድ ጊዜ ይታዩታል። ስለዚህ እዚያ ውስጥ አዲስ አዳራሽ መፍጠር አያስፈልግም። የተሸፈነውን መግለጥ፣ የረጠበውን ማድረቅ፣ የተዳከመውን መደገፍ ይበቃል። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተጻፈው በምክንያት ነው፤ ውኃውን ሳያስቆም ቀለም የቀባ ሰው በሚቀጥለው ክረምት እንደገና ይከፍላል።

1. ወረቀቱን መጨረስ

ሐረር ጀጎል በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በ48 ሄክታሩ ውስጥ ካሉት 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ቦታዎች ጋር መኖሪያ ቤቶቹም የዚያ ቅርስ አካል ናቸው። ይህ ማለት ቤቱ የግልዎ ቢሆንም እንኳ ግድግዳ ማፍረስ፣ በር ማስፋት ወይም ጣራ መለወጥ ያለ ፈቃድ አይቻልም። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የጥገና ሥራ አስቀድሞ እንዲፈቀድ ያዛል። ማመልከቻውን ከክልሉ የባህልና ቅርስ ቢሮ ይጀምሩ፤ ከዚያ የከተማው የግንባታ ፈቃድ ይከተላል። ጉዳዩ ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ማለፍ ካለበትም መንገዱን የሚያሳይዎት ቢሮው ነው። የባለቤትነት ማስረጃ፣ የቤቱ ፕላን፣ የአሁኑ ሁኔታ ፎቶግራፍና የሚሠራው ሥራ ዝርዝር አብረው ይቅረቡ።

ከመሥሪያ ቤት ይልቅ ሥራ የሚያቆመው ግን ወራሽ ነው። አንዱ ሐረር፣ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ ቶሮንቶ የሚኖር ከሆነ የሁሉም ስምምነት በጽሑፍ ይያዝ፤ ውጭ ያሉትም በኤምባሲ በኩል የተረጋገጠ ውክልና ይላኩ። ቤቱ ለስንት ዓመት ለማሳያነት እንደሚውልና ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል ያን ጊዜ ይወሰን። ሥራው ግማሽ ደርሶ የሚነሣ የቤተሰብ ክርክር ጣራው እንደተከፈተ ክረምት ያስገባል።

2. ቤቱን እንዳለ መመዝገብ

አንድ ድንጋይ ከመነካቱ በፊት ቤቱ ወረቀት ላይ ይስፈር። ወለሉንና ግድግዳዎቹን በ1፡50፣ በሩን፣ ጣቄቶቹንና የመቀመጫዎቹን ጠርዝ በ1፡10 መጠን ይሳሉ። የሌዘር ሜትር ካለ ሥራ ያፋጥናል፤ ከሌለ ተራ ሜትር፣ ቱምቢና ውኃ ልክ ይበቃሉ። የእነዚህ ቤቶች ግድግዳ እምብዛም ቀጥ ያለ ማዕዘን የለውም። ጎንና ጎኑን ብቻ ለክቶ ንጹሕ አራት ማዕዘን መሳል ውሸት መሳል ስለሚሆን ከጥግ እስከ ጥግ ያለውን ሰያፍ ልኬትም ይውሰዱ። እያንዳንዱ ግድግዳ ሜትር አጠገቡ ቆሞ ፊት ለፊት ፎቶ ይነሣ።

ክፍሎቹን በስማቸው ይመዝግቡ። ዋናው ክፍል ጊድር ጋር ነው። በውስጡ ነደባ ከሚባሉት መቀመጫዎች የቤቱ ጌታ የሚቀመጥበት አሚር ነደባ፣ ሰፊው ጊድር ነደባ፣ ትንሹ ጢት ነደባ፣ ከበሩ ጀርባ ያለው ገብቲ ሐር ነደባ፣ ከዓይን ከለል ያለው ሱትሪ ነደባ ይገኛሉ። ከጎን አዲስ ሙሽሮች የሚሰነብቱበት ኪርታት፣ ዕቃ የሚቀመጥበት ዴራ፣ ከላይ ደግሞ ቀላ የሚባለው ፎቅ አለ። በእርስዎ ቤት ከእነዚህ አንዱ ጎድሎ ወይም ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ለሶፋ ቦታ ሲባል የተቆረጠ ነደባ፣ በብሎኬት የተደፈነ ጣቄት ማግኘት አያስደንቅም።

የጎደለውን የሚነግርዎት እዚያ ቤት ያደገ ሰው ነው። ከቤተሰቡ አረጋውያን አንዷን ይዘው ይምጡና እየዞሩ ይጠይቁ። «ድሮ ቤቱ ምን ይመስል ነበር?» ማለት ብዙ አያወጣም፤ ሁሉም ሰው «ያምር ነበር» ብሎ ይመልሳል። «እናቴ፣ እንግዳ ጫማውን የት ያወልቅ ነበር? ቁርኣኑ የት ይቀመጥ ነበር? ይህ ጣቄት ምን ይቀመጥበት ነበር? ዝናብ ሲበረታ ዕቃ የምታነሡት ከየትኛው ጥግ ነበር?» ብለው ሲጠይቁ ግን እጃቸው ራሱ ማመልከት ይጀምራል። ንግግራቸውን በፈቃዳቸው ይቅዱ። የመጨረሻው ጥያቄ ለሚቀጥለው ደረጃ በቀጥታ ይጠቅማል፤ ሌሎቹ በዘጠነኛው ይፈለጋሉ።

ስንጥቅ ካለ ዕድሜውን ማወቅ ያስፈልጋል። በስንጥቁ ላይ አንድ ቀጭን የመስታወት ቁራጭ በሁለቱም ጫፍ በጂፕሰም ይለጥፉና ቀኑን ይጻፉበት። ክረምቱ አልፎ መስታወቱ ካልተሰበረ ስንጥቁ አሮጌና የቆመ ነው፤ ሞልቶ መዝጋት ይበቃል። ከተሰበረ ግድግዳው እየሄደ ስለሆነ መሐንዲስ ይጠራ።

3. ውኃውን ማስቆም

ከላይ ይጀምሩ። ብዙዎቹ ቤቶች በድሮው የአፈር ጣራ ፋንታ ቆርቆሮ ለብሰዋል። ቆርቆሮው ከተበሳ ወይም ጠርዙ ከግድግዳው ውጭ በበቂ ካልወጣ ውኃው በቀጥታ ወደ ግንቡ እምብርት ይገባል። ድንጋዩ የተያያዘው በጭቃ ነው፤ ጭቃ ደግሞ ከላይ ውኃ ከገባበት እየታጠበ ይወርዳል፣ ውጭው ደህና መስሎ ውስጡ ይቦረቦራል። ጣራው አሁንም የአፈር ከሆነ ተዳፋቱን፣ የመውረጃ አሸንዳውንና በላዩ የበቀለውን ሣር ይመልከቱ። የአፈር ጣራን ከላይ አርማታ ማፍሰስ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ መጥፎ መፍትሔ። ክብደቱ አሮጌዎቹን ወራጆች ያጎብጣል፣ ስንጥቁ ውስጥ የገባው ውኃም መውጫ አያገኝም።

ቀጥሎ ወደ ታች ይውረዱ። የጀጎል ጠባብ መንገዶች በየጊዜው በተነጠፉ ቁጥር ከፍ ይላሉ፤ የቤቱ ወለል ግን እዚያው ይቀራል። ዝናብ በሚዘንብበት ሰዓት ዣንጥላ ይዞ ግቢው ውስጥ መቆምን የሚተካ ምርመራ የለም። ውኃው ከየት እንደሚመጣ፣ የት እንደሚቆም፣ የትኛውን የግንብ እግር እንደሚመታ በዓይንዎ ያያሉ። ከዚያ የግቢው መሬት ከግድግዳው ወደ ውጭ እንዲያዘነብል ይስተካከል፣ የተደፈነው የድሮ ቦይ ይጠረግ፣ አስፈላጊ ከሆነም ከግንቡ ትንሽ ራቅ ብሎ በጠጠር የተሞላ ቦይ ይቆፈር። ከመሠረቱ ሥር ግን አይቆፈር።

የመጸዳጃ ቤትና የቧንቧ ፍሳሽ የሚረሳ ነገር ነው። በበጋ ወራትም የማይደርቅ እርጥበት ካዩ ዝናብን አይውቀሱ። የመኖሪያውን ቧንቧ በሙሉ ዘግተው ሌሊቱን የውኃ ቆጣሪውን ይመልከቱ፤ ከዞረ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ውኃው ከቆመ በኋላ ግድግዳው ጊዜ ይፈልጋል። ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግንብ በሳምንት አይደርቅም። አንድ ሙሉ በጋ ቢያገኝ ይመረጣል። ከውስጥ በከሰል ማንደጃ ለማድረቅ መሞከር ጨውን ወደ ውጭ ስቦ ልስኑን ያፈርሳል።

4. ሲሚንቶውን ማንሣት፣ ወይም መተው

ግድግዳውን በጣትዎ መገጣጠሚያ እያንኳኩ ይሂዱ። ድፍን ድምፅ የሚሰጠው ቦታ ልስኑ ከግንቡ ጋር ተያይዟል። ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ከኋላው ተላቋል። ባዶውን ዙሪያውን በጠመኔ አክብበው ፎቶ ያንሡ። ሲሚንቶ በተለሰነበት ግድግዳ ላይ ክቦቹ ብዙ ጊዜ ከወለሉ እስከ ወገብ ቁመት ድረስ ይበዛሉ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ከመሬት የሚወጣው እርጥበት በጭቃና በኖራ ውስጥ አልፎ ወደ አየር ይተናል። ሲሚንቶ ሲገጥመው መውጫ ስለማያገኝ ወደ ላይ ይወጣል፤ የተሸከመው ጨው ከሲሚንቶው ጀርባ ይረጋል፣ ድንጋዩንና ጭቃውን ያፈርሳል። ድሬዳዋ በር ላይ የሲሚንቶ ፋብሪካ መኖሩ ለአካባቢው ግንባታ በረከት ሆኖ ሳለ ለእነዚህ ግድግዳዎች እንዲህ ሆኖባቸዋል።

ባዶ ድምፅ የሚሰጠው ሲሚንቶ በጠፍጣፋ መሮና በቀላል መዶሻ ከጠርዝ ተጀምሮ ይነሣ። ከላይ ወደ ታች እንጂ ከታች ወደ ላይ አይሁን፤ ከታች ከተጀመረ የላይኛው ሉህ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ መዶሻ አይጠቀሙ፤ ንዝረቱ በጭቃ የተያዘውን ግንብ ያላቅቃል። ከድንጋዩ ጋር ተጣብቆ ሲነሣ ድንጋዩን ይዞ የሚመጣውን ሲሚንቶ ደግሞ ይተዉት። በኃይል ከማስለቀቅ እዚያው አርጅቶ እስኪላቀቅ መጠበቅ ይሻላል። ይህን ለግንበኛ ማሳመን ይከብዳል፤ በካሬ ሜትር የሚከፈለው ሰው ግድግዳውን ሁሉ ማራገፍ ይፈልጋል። ክፍያውን በቀን ያድርጉት።

ከሲሚንቶው ወይም ከዘይት ቀለሙ ሥር የቆየ ቀለም ሊኖር ስለሚችል ከማራገፍ በፊት በየግድግዳው አሥር በአሥር ሴንቲ ሜትር የሆነ የምርመራ መስኮት ይክፈቱ። በምላጭ አንዱን ሽፋን ከሌላው እየለዩ ቀስ ብለው ይግፈፉና ደረጃ በደረጃ የወጡትን ቀለሞች ፎቶ ያንሡ። ከመስኮቶቹ አንዱን ሳይሸፍኑ ለጎብኚ ቢተዉት ቤቱ ስንት ጊዜ እንደተቀባ በቃል ከማስረዳት ይሻላል።

5. ድንጋይ፣ ጭቃና ኖራ

የወደቀው ግንብ ከወደቀበት ድንጋይ ራሱ ይሠራ። ሐሺ የሚባለው የአካባቢው ድንጋይ ቀላልና ባለ ቀዳዳ በመሆኑ እርጥበት ያስወጣል። በምትኩ ጠንካራ ጥቁር ድንጋይ ወይም ብሎኬት ማስገባት ደካማና ብርቱ ጎን ለጎን እንዲቆሙ ያደርጋል፤ ስንጥቁም በመጋጠሚያቸው ይመጣል። ግንብ ፈርሶ መልሶ የሚሠራ ከሆነ ድንጋዮቹ በጠመኔ ተቆጥረው ፎቶ ይነሡ፣ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሱ።

የጭቃው አፈር ከየትም አይታፈስም። አንድ ጠርሙስ ሲሶውን በአፈር፣ ቀሪውን በውኃ ሞልተው አጥብቀው ይነቅንቁትና እስከ ማግስቱ ያስቀምጡት። አሸዋው ከታች፣ ደለሉ መካከል፣ ሸክላው ከላይ ይለያል። ሸክላው ከበዛ ጭቃው ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ አሸዋው ከበዛ ይራገፋል። በተለያየ የአሸዋ መጠን አራት አምስት ትናንሽ ጥፍጥፍ ሠርተው ጥላ ውስጥ ያድርቁ፤ ያልተሰነጠቀውና በጣት ሲታሽ የማይራገፈው መጠን የእርስዎ ነው። ጭዱ በአጭር ተከትፎ ገብቶ ጭቃው ለቀናት እየተረገጠና ውኃ እየተጨመረበት ይሰንብት። ችኩል ጭቃ በሚያዝያ ዝናብ ይታወቃል።

ኖራው የሚጠይቀው ትዕግሥት ነው። ያልበረደ ኖራ የሚያዘጋጁ ከሆነ ኖራውን ወደ ውኃው ይጨምሩ፤ ውኃውን ወደ ኖራው በፍጹም አያፍስሱ። ይፈላል፣ ይረጫል፣ ዓይን ያሳውራል። መነጽር፣ ጓንትና ረጅም እጅጌ ግዴታ ናቸው፤ ንጹሕ ውኃ የሞላ ባልዲም አጠገብ ይቀመጥ። የበረደው ኖራ በወንፊት ተጣርቶ ውኃ ለብሶ በበርሜል ውስጥ ሳምንታት ቢቀመጥ ይለሰልሳል፤ ወራት ቢቆይ ደግሞ ይበልጥ ያምራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ግዢ ኖራ ይሁን፤ ፈቃዱና ልኬቱ እስኪያልቅ እሱ በርሜሉ ውስጥ ይበስላል።

ለልስን አንድ እጅ ኖራ ለሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ የተለመደ መነሻ ነው። ግድግዳው መጀመሪያ ይጠረግና ይረጠብ። እያንዳንዱ ድርብ ከአንድ ሴንቲ ሜትር አይወፍር፤ የመጨረሻው ከዚያ በጣም ይቅጠን። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር በሚወስደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ቶሎ ከደረቀ ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የሐረር የበጋ ፀሐይና ነፋስ ቀላል አይደሉም፤ እርጥብ ጆንያ ወይም ሸራ ይጋረድበት፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ጠዋትና ማታ ውኃ ይርከፍከፍበት። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል። ከበልጉ ዝናብ በፊት ካላለቀ የውጩን ግድግዳ ለሚቀጥለው ዓመት ማሳደር ይሻላል።

6. እንጨት

ወራጆቹን በሹል ነገር ይጠቅጥቁ፤ በተለይ ግድግዳ ውስጥ የገባውን ጫፋቸውን። ምስጥ የሚበላው ከውስጥ ነው፣ ውጩን አይነካም። ጫፉ ብቻ የተበላ ወራጅ ሙሉ በሙሉ አይጣል፤ የተበላው ተቆርጦ በተመሳሳይ ዓይነት ደረቅ እንጨት ይቀጠል፣ መገናኛው በችንካር ሳይሆን በብሎን ይያዝ። የተቀጠለው አዲስ መሆኑ ቀርቦ ለሚያይ ሰው ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ1964 ስለ ቅርስ ጥገና የወጣው የቬኒስ ቻርተርም የሚተካው ክፍል ከአጠቃላዩ ጋር ተስማምቶ ከጥንቱ ግን እንዲለይ ይጠይቃል። ምስጥ ከመሬት የሚወጣበትን የጭቃ መስመር ሳይቆርጡ መድኃኒት መርጨት ገንዘብ መርጨት ነው።

በጂፕሰም ኮርኒስ የተሸፈነ ጣራ ካለ ኮርኒሱ ይውረድ። ወራጆቹ መታየት አለባቸው፤ ለውበቱም፣ ፍሳሽ ሲጀምር ቶሎ ለማወቅም።

7. ነጩና ቀዩ

ለግድግዳው ኖራ ይቀባ። እንደ ወተት ቀጥኖ አራትና አምስት ጊዜ ሲደራረብ እንጂ አንዴ ወፍሮ ሲቀባ አይይዝም። የፕላስቲክና የዘይት ቀለም ግድግዳውን ያፍናል፤ በሚያብረቀርቅ አረንጓዴ የተቀባ ጣቄት ማየትም ዓይን ይወጋል።

ወለሉና ነደባዎቹ በቀይ አፈር ይቀባሉ። ቀዩ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ በሐረር ይነገራል። አፈሩን ለቤታቸው ሲያመጡ የኖሩ እናቶች ከየት እንደሚቆፈር፣ ምን ያህል እንደሚቀጥንና በምን እንደሚታሽ ያውቃሉ። እነሱን በባለሙያ ዋጋ ይቅጠሩ። ገበያ ላይ ያለው ቀይ የኢንዱስትሪ ቀለም ዓመት ሳይሞላው መላጥ ይጀምራል። አፈሩ ግን ባደፈ ቁጥር በላዩ ይደገማል፣ ማራገፍም አያስፈልገውም።

እስካሁን ያልኩት ለጌ ጋር ነው። ቤቱ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻና ከዚያ በኋላ ሕንዳውያን ነጋዴዎች ካስፋፉት፣ የእንጨት ሰገነት ካለው ዓይነት ከሆነ ጭንቀቱ ወደ እንጨቱ ይዞራል፦ የሰገነቱ ምሰሶ እግር፣ የደረጃው መጋጠሚያ፣ የመስኮቱ ጥልፍ። ለድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ቤቶች ደግሞ ዋናው ጠላት ሙቀት ነው። የምድር ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከደረሰ በኋላ የበቀለችው ከተማ ቤቶቿን ከፍ ባለ ጣራና በጥላማ በረንዳ ሠርታለች። በረንዳውን በመስታወት ዘግቶ ኤርኮንዲሽነር መግጠም ቤቱ ያለ ኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሥራ መሰረዝ ነው።

8. ኤሌክትሪክና እሳት

ሽቦ ለማሳለፍ ግድግዳ አይፈልፈል። ሽቦው በቱቦ ሆኖ በወራጆቹ ጎንና በነደባ ጠርዝ ሥር በግላጭ ይለፍ፤ ነገ ሲነሣ ሁለት ቀዳዳ ብቻ ይቀራል። የድሮው ሽቦ በሙሉ ይቆረጥ፣ አዲስ ማከፋፈያ ሳጥንና የምድር ሽቦ ይገባ። ቀለም የሚቀያይሩ የመብራት ገመዶች ለሠርግ አዳራሽ ይሁኑ።

የሐረሪ ቤት መስኮቱ ጥቂት ነው፣ ብርሃኑ በአብዛኛው በበሩ በኩል ከግቢው ይገባል። ለማሳያነት ይህ ዕድል ነው። ጨርቅ፣ ስፌት፣ ብራናና ወረቀት ከ50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ) በላይ ብርሃን ሊያርፍባቸው አይገባም፤ ለእንጨትና ለቀለም ቅብ 200 ይበቃል። መለኪያው ካልተገኘ በእጅ ስልክ መተግበሪያ ግምቱን ማወቅ ይቻላል። ሙቀት የማይሰጡ፣ ሞቅ ያለ ቀለም ያላቸው የኤልኢዲ አምፖሎች ይምረጡ፣ ጎብኚ ሳይኖርም ያጥፏቸው።

የጀጎል መተላለፊያ ብዙ ቦታ ለእሳት አደጋ መኪና አይበቃም። ስለዚህ በየክፍሉ የእሳት ማጥፊያ ይኑር፣ አጠቃቀሙን ሁሉም ሠራተኛ ይልመድ። የዕጣን ማጤሻ ለእንግዳ የሚቀርብ ከሆነ በግቢው እንጂ በስፌት ሥር አይሁን።

9. ዕቃውን ቦታው ላይ ማስቀመጥ

በሁለተኛው ደረጃ የቀዱትን ንግግር አሁን ያውጡት። የትኛው ጣቄት ምን ይዞ እንደነበር እናቶቹ ነግረውዎታል፤ ዕቃው እዚያው ይግባ። በአሉሚኒየምና በመስታወት የተሠራ ሣጥን መሐል ክፍሉ ላይ መገተር ሁለት ጉዳት አለው፦ ነደባዎቹን ይጋርዳል፣ ጎብኚውንም ቤት ውስጥ መሆኑን ያስረሳዋል። መስታወት የሚያስፈልገው ለብራና፣ ለብርና ለትናንሽ ዕቃ ብቻ ነው፤ እሱም በጣቄቱ ልክ ተቆርጦ፣ ግድግዳውን ሳይነካ፣ ከጎኑ ለአየር ትንሽ ክፍተት ትቶ ይቁም።

ስፌቶች በራሳቸው ማንጠልጠያ ይሰቀሉ። ምስማር በስፌቱ መሐል አይለፍ። ቀለማቸው ይደበዝዛልና በየጥቂት ወሩ ተራ እየተለዋወጡ ይረፉ። ከሰው ቤት የመጣ ስፌትና ጨርቅ ነቀዝ ይዞ እንደሚመጣ ይጠርጥሩ። በፕላስቲክ ታሽጎ በ20 ዲግሪ ከዜሮ በታች በሚያቀዘቅዝ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ሳምንት ይቆይ፣ ከወጣም በኋላ ፕላስቲኩ ሳይከፈት አንድ ቀን ይደር። ይህን እንጨት ከብር ጋር ለተዋደደበት ዕቃ ወይም ቀለም ለተቀባ ነገር አይሞክሩት።

የእጅ ጽሑፍ ቁርኣን የሚያሳዩ ከሆነ ሐረር የመጽሐፍ ድጉሰት ሙያ ያላት ከተማ መሆኗን ጎብኚው በዓይኑ እንዲያይ ሽፋኑም ይታይ። መጽሐፉ በግድ ጠፍጥፎ አይከፈት፤ በቪ ቅርጽ በተሠራ መደገፊያ ላይ ዘንበል ብሎ ይረፍ፣ ገጹም በየሦስት ወሩ ይገለበጥ። ሲነካ ንጹሕና ደረቅ እጅ ከጥጥ ጓንት ይሻላል፤ ጓንት ወረቀት ይቀድዳል። የሚቀመጥበት ከፍታ ሰው ከሚቀመጥበት በላይ ይሁን። ይህ የሙዚየም ደንብ ባይሆንም ማንም ሐረሬ ከገባ በኋላ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ዕቃው ከየት መጣ? ከቤተሰብ በውሰት ከሆነ ፎቶው፣ ያለበት ሁኔታ፣ የሚመለስበት ቀንና የሁለቱም ወገን ፊርማ ያለበት ደረሰኝ በሁለት ቅጂ ይሠራ። በስጦታ ከሆነ ስጦታነቱ ይጻፍ። ምንጩን ሊናገር የማይፈልግ ሻጭ ያመጣውን ዕቃ አይግዙ፣ ምንም ያህል ቢያምር። ሁሉም ለቅርስ ቢሮው ይመዝገብ።

10. መግለጫ ጽሑፍ

ክልሉ በሐረሪና በኦሮምኛ ይሠራል፣ ገበያው አማርኛ ይናገራል፣ የውጭ ጎብኚው እንግሊዝኛ ይጠብቃል። አራቱንም ቋንቋ በየዕቃው ሥር ከደረደሩ ግድግዳው የማስታወቂያ ሰሌዳ ይሆናል። የዕቃው የሐረሪ ስም በትልቁ ከላይ ይጻፍ፤ ከሥሩ በየቋንቋው አንድ አንድ መስመር ይበቃል። ረዘም ያለው ማብራሪያ ጎብኚው በእጁ ይዞ በሚዞረው ጠንካራ ወረቀት ላይ በየቋንቋው ተለይቶ ይታተም። አንድ ጽሑፍ ከ60 ወይም ከ70 ቃል አይለፍ። ዓይን የሚያርፍበት ከፍታ ከወለሉ 1.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ነደባ ላይ ተቀምጦ የሚነበብ ከሆነ ግን ዝቅ ይበል።

የተረጋገጠውንና የሚነገረውን ይለዩ። የጨለንቆ ጦርነት ዘመን የተረጋገጠ ነው፤ የቀዩ ቀለም ትርጉም የሚነገር ነው፤ ሁለተኛው «ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። ራምቦ ቤት ጥሩ ምሳሌ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. በ1880 ነው፣ የሞተው በ1891። በስሙ የሚጠራው ባለ ሰገነት ቤት ግን ከእሱ ሞት በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ እንደተሠራ በሰፊው ይነገራል። ይህ ቤቱን አያሳንሰውም፤ የሕንድና የሐረር እጅ የተገናኘበት ሥራ ራሱ ሊጎበኝ ይገባዋል። «ገጣሚው እዚህ ተኝቶ ነበር» ብሎ መጻፍ ግን አንድ አንባቢ ጎብኚ ሲመጣ የቀረውን ጽሑፍ ሁሉ ያስጠረጥራል።

11. ሰው መቀበል

ጫማ በሩ ላይ ይውለቅ፤ ለጫማው መደርደሪያ፣ ለአረጋውያን መቀመጫ ይዘጋጅ። ጎብኚው ነደባ ላይ እንዲቀመጥ ይፈቀድለት፤ ምንጣፍ ይነጠፍበትና አስጎብኚው የቀረውን ከዚያ ሆኖ ያስረዳ። ገመድ ተወጥሮበት ከሩቅ የሚታይ ነደባ ምን እንደሆነ አይገባም። ጊድር ጋሩ ምን ያህል ሰው እንደሚይዝ አስቀድሞ ተወስኖ ትርፉ በግቢው ይጠብቅ።

ቀላው ለብቻው ይታሰብ። ለቤተሰብ የተሠራ የእንጨት ፎቅ የሙዚየም ሕዝብ እንዲሸከም አልታሰበም፤ ለማሳያ አዳራሽ ወለል የሚታሰበው ጭነት በካሬ ሜትር ከ400 እስከ 500 ኪሎ ግራም ነው። መሐንዲስ አይቶ ቁጥር ካልሰጠ ደረጃው ይዘጋ፣ የላዩ ፎቶግራፍ ከታች ይታይ። ለተሽከርካሪ ወንበር 90 ሴንቲ ሜትር የበር ስፋትና በአንድ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር የሚረዝም መወጣጫ ያስፈልጋል። በሩን ማስፋት ስለማይፈቀድ ብዙ ጊዜ የሚቻለው ግቢውን ማመቻቸትና ዋና ዋናውን ዕቃ በግቢው ማቅረብ ነው። መወጣጫው ከእንጨት ተሠርቶ የሚነሣ ይሁን።

12. ከመክፈቻው ቀን በኋላ

ለዕድሳቱ ከተያዘው ገንዘብ የተወሰነው ሳይነካ ለጥገና ይቀመጥ። ከበልግ በፊትና ከክረምት በፊት ጣራና አሸንዳ ይጠረጉ። ከክረምት በኋላ ግድግዳው እንደገና ይንኳኳ፣ አዲስ ባዶ ድምፅ ካለ ከነቀኑ በአሮጌው ሥዕል ላይ ምልክት ይደረግበት። ነደባው ባደፈ ጊዜ ቀይ አፈሩ ይደገም። የቤት ውስጥ እርጥበት መለኪያ አንድ ተገዝቶ ንባቡ በየሳምንቱ በደብተር ይጻፍ፤ ከ40 እስከ 60 በመቶ መካከል ቢሆን መልካም ነው፣ ከቁጥሩ ይበልጥ የሚጎዳው ግን ድንገተኛ መዋዠቁ ነው።

የሥዕሎቹ፣ የፎቶዎቹ፣ የድምፅ ቅጂዎቹና የኖራው መጠን የተጻፈበት ደብተር ሦስት ቅጂ ይኑረው፦ አንዱ ቤቱ ውስጥ፣ አንዱ በቅርስ ቢሮው፣ አንዱ ከጀጎል ውጭ ባለ ዘመድ እጅ። ደብተሩ ውስጥ የግንበኛው፣ የአናጢውና ቀዩን አፈር የቀቡት እናቶች ስም ከነድርሻቸው ይግባ፤ የሚቀጥለው ጥገና ሲመጣ አስቀድሞ የሚፈለገው እሱ ገጽ ነው።